የህዋሱን ልጅ

የጃንግቹንግ አዳራሽ ሴኡል ውስጥ ለማግኘት አያስቸግርም። በሦስተኛው የሜትሮ መስመር ዶንግጉክ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ጣቢያ ወርደው ደረጃውን ሲጨርሱ ክብ ጣሪያው ይታያል። የደረስኩት የሴቶች መረብ ኳስ ጨዋታ ባለበት ቀን ነበርና በሩ ላይ ረጅም ሰልፍ ተሠርቷል፤ የሚወዷትን ተጫዋች ስም በካርቶን ጽፈው የያዙ ኮረዶች፣ ክንድ የሚያህል ሌንስ የተሸከሙ ጎረምሶች። አብሮኝ ያለው ለማስተርስ ትምህርት ሴኡል የከረመ የደሴ ልጅ ነው። ኮሪያኛውን እንደ ውኃ ይጠጣዋል፤ ያለ እሱ እዚያ አገር ዲዳ ነበርኩ። «ጋሼ፣ ሰው ሁሉ ቤተ መንግሥት አሳየኝ ይላል፤ እርስዎ ደግሞ የኳስ አዳራሽ!» እያለ ይስቅብኛል።

የመጣሁት ለኳሱ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 1966፣ የኮሪያ ጦርነት በተጀመረ ልክ በ16ኛ ዓመቱ፣ ኮሪያ የመጀመሪያውን የዓለም የቡጢ ሻምፒዮን ያገኘችው እዚህ ጣሪያ ሥር ነው። ሴኡል የወሰደኝ ሌላ ሥራ ቢሆንም፣ ሥራው ጋብ ባለ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይዤ እዞር ነበር፤ ዛሬ ከዚህ አገር የሚነሣ ወጣት ቦክሰኛ ዓለም ላይ የት ድረስ ይዘልቃል? በአንድ ወቅት በትናንሾቹ ክብደቶች ዓለምን ያንቀጠቀጠ አገር ነው። መልሱን ለመፈለግ ደግሞ ከመጀመሪያው ሰው መጀመር ይሻላል።

ኪም ኪ ሱ ይባላል። የሰሜኑ ክፍል ተወላጅ ሲሆን ጦርነቱ ወደ ደቡብ ካሰደዳቸው ሰዎች አንዱ ነው። በ1960 የሮም ኦሎምፒክ፣ የእኛው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶኑን ባሸነፈበት፣ ኪምም ቡጢ ሊገጥም ሄዶ ነበር። እዚያ የረታው ኒኖ ቤንቬኑቲ የሚባል ጣሊያናዊ ነው። ቤንቬኑቲ የወርቅ ሜዳሊያውን አጥልቆ ወደ ፕሮፌሽናሉ ዓለም ገባና 65 ጊዜ ገጥሞ 65ቱንም አሸነፈ። በስድስተኛው ዓመት ያው ሰውዬ ቀበቶውን ታጥቆ ሴኡል ከች አለ።

ሴኡል ናፍቃው አይደለም። 55,000 ዶላር እንደሚከፈለው ስለተረጋገጠለት ነው። ያን ጊዜ የአንድ ኮሪያዊ የዓመት ገቢ በአማካይ 150 ዶላር አይሞላም፤ ያን ያህል የውጭ ምንዛሪ ከግል ኪስ የሚወጣበት ዘመንም አልነበረም። ዋስ የሆነው መንግሥት ነው። ፕሬዚዳንት ፓርክ ቹንግ ሂ ራሳቸው መጥተው ተቀምጠው ተመለከቱ። 15 ዙር ሙሉ ሲጠዛጠዙ አምሽተው ሁለት ዳኞች ለኪም፣ አንዱ ለእንግዳው ፈረደ። በ1968 ኪም ቀበቶውን ይዞ ሚላኖ ሄደ፤ እዚያ በሳንድሮ ማዚንጊ በነጥብ ተረትቶ ባዶውን ተመለሰ። ስለዚህ ሰው የሚተርኩ ሁሉ ግራ እጁን ያደንቃሉ። ማድነቁ ይገባል። እኔን ግን ከግራ እጁ ይልቅ ያ የዶላር ዋስትና ነው የያዘኝ፤ አንድ ደሃ አገር ኪሱን አራግፎ የዓለምን መድረክ ወደ ገዛ ሳሎኑ አስመጣ፣ ልጁም በገዛ ሕዝቡ ፊት፣ በገዛ አልጋው ተኝቶ ባደረበት ማግስት ገጠመ።

ከአዳራሹ ማዶ ያለው ሠፈር በአሳማ እግር ቅቅል የታወቀ ነው። ባለቤቶቹ በር ላይ ቆመው ይጠራሉ፣ የሁሉም ቤት ምልክት «የመጀመሪያው እኛ ነን» ይላል። የደሴው ልጅ ሙስሊም ነው፣ እኔ ክርስቲያን፤ በአሳማው ነገር ግን ልዩነት የለንምና ሁለታችንም ፊታችንን አዙረን ሻይ ፍለጋ ሄድን።

ቀጥሎ ያየሁት የቡጢ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነው። ከውጭ የተሰቀለው ማስታወቂያ ከቦክስ ይልቅ ክብደት መቀነስን በትልቁ ይጽፋል፤ በሴኡል የአብዛኞቹ ቡጢ ቤቶች እንጀራ ከዚያ ነው። ከሥራ የወጡ የቢሮ ሠራተኞች፣ አንዲት የባንክ ገንዘብ ተቀባይ፣ ሁለት የኮሌጅ ተማሪዎች በሙዚቃ ገመድ ይዘላሉ። በየሦስት ደቂቃው ደወል ይጮኻል፣ ሁሉም ቆሞ ያለከልካል፣ ደወሉ ሲደግም ሁሉም ይቀጥላል። የቤቱ ባለቤት በስልሳዎቹ ውስጥ ያሉ፣ አፍንጫቸው የተጨፈለቀ፣ ድምፃቸው ግን ለስለስ ያለ የድሮ ቦክሰኛ ናቸው። ሁሉም «ክዋንጃንግ ኒም»፣ የቡጢ ቤቱ አለቃ እንደማለት፣ ይላቸዋል፤ እኔም ከሰው ላለመለየት እንደዚያው አልኳቸው። ከየት እንደመጣሁ ሲነገራቸው ብድግ ብለው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። የቃኘው ሻለቃ ስም በዚያ ዕድሜ ላሉ ኮሪያውያን ዛሬም በር ይከፍታል፤ ያልሠራሁበትን ውለታ ቡና ጠጣሁበት።

ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ለቡጢ ብሎ የሚቧቀስ አንድ ልጅ ነበር። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። የፕሮፌሽናል ፈቃድ አለው፤ ቀን በሞተር ምግብ ሲያደርስ ይውላል። ፋሻውን እጁ ላይ ሲጠመጥም አየሁት። አይቸኩልም። አውራ ጣቱን ዞሮ፣ የእጅ አንጓውን ሦስት ጊዜ አጥብቆ፣ በየጣቱ መካከል አሳልፎ ከጨረሰ በኋላ ጨብጦ ይዘረጋል፤ ካልተመቸው ፈትቶ እንደገና ይጀምራል። መድረኩ ላይ ሲወጣ ባለቤቱ ጫፉ በስፖንጅ የተሸፈነ ዱላ ያዙ። ልጁ ግራውን በጎን በኩል በወረወረ ቁጥር ቀኝ እጁ ከአገጩ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ዱላው ወዲያው ጉንጩን ጠብ ያደርገዋል። እንደገና ይወረውራል፣ እንደገና ጠብ። አሥር ጊዜ ያህል ተመታ፤ በአሥራ አንደኛው ቀኙ ከአገጩ አልተላቀቀም። ሰውዬው ምንም አላሉም፣ ዱላውን ወደ ሌላኛው ወገን አዞሩት እንጂ።

ልጁ ጥሩ ነው። እጁ ፈጣን ነው፣ ዓይኑን አይጨፍንም፣ ሲመታ አይናደድም። የት ይደርሳል ብዬ በደሴው ልጅ በኩል ጠየቅኩ። ክዋንጃንግ ኒም መልሳቸውን በጣታቸው እየቆጠሩ ሰጡ፤ መጀመሪያ ወታደርነት። ጤነኛ ኮሪያዊ ወንድ ሁሉ ማገልገል አለበት፣ እግረኛ ጦር የገባ ዓመት ከመንፈቅ ነው። የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ወይም የእስያ ጨዋታዎች ወርቅ ያገኘ ስፖርተኛ ይህ ይቀርለታል። ለፕሮፌሽናል ቀበቶ ግን እንዲህ ያለ ምሕረት የለም። የእጁ ፍጥነት በሚበስልበት ዕድሜ ልጁ ጠመንጃ ይዞ ኬላ ይጠብቃል ማለት ነው። ሁለተኛው ጣታቸው ተጋጣሚ ነው፤ በክብደቱ የሚስተካከለው ሰው ፍለጋ ብዙ መንዳት ይጠይቃል። ሦስተኛውን ጣት ሳይናገሩ አጣጥፈው በአውራ ጣታቸው አሹት። ገንዘብ።

ፎቶግራፋቸው ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የድሮ ቦክሰኞች እንዲህ ያለ ችግር አልነበረባቸውም ለማለት አይደለም፤ የእነሱ ችግር ሌላ ነበር። ሆንግ ሱ ህዋን በኖቬምበር 1977 ፓናማ ውስጥ 11 ጊዜ ገጥሞ 11ዱንም በዝረራ ካሸነፈ ሄክቶር ካራስኪያ ከሚባል ልጅ ጋር ገጠመ። በሁለተኛው ዙር አራት ጊዜ ወደቀ። በሦስተኛው ተነሥቶ ልጁን ዘረረው። ይህን ታሪክ የማያውቅ ኮሪያዊ ሽማግሌ አላጋጠመኝም፤ ታሪኩን ሲያወሩ በአራት ጣታቸው አራቱን አወዳደቅ ያሳያሉ። ከእሱ ቀጥለው የመጡት ደግሞ የቡሳኑ ቻንግ ጁንግ ኩ እና ዩ ምዮንግ ዉ ናቸው። ሁለቱም ክብደታቸው 49 ኪሎ ገደማ ነው። ቻንግ በአንደኛው ድርጅት ቀበቶውን 15 ጊዜ፣ ዩ በሌላኛው ድርጅት 17 ጊዜ ጠብቀዋል፣ ሁለቱም ዛሬ የዓለም የዝና አዳራሽ ውስጥ ገብተዋል። ከ1985 እስከ 1988 ባለው ጊዜ በአንድ አገር፣ በአንድ ክብደት፣ በአንድ ዘመን ሁለት የዓለም ሻምፒዮን ማለት ነው። እርስ በርስ ተገናኝተው አያውቁም። የኮሪያ ቡጢ ወዳጆች እስካሁን ማን ያሸንፍ ነበር እያሉ ይከራከራሉ፤ ክዋንጃንግ ኒም ዩ ነው አሉ፣ መልሱን ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የነገሩኝ፤ ቤቱ ውስጥ የቡሳን ሰው ሳይኖር አልቀረም።

እነዚያ ሰዎች የወጡት ከተራቡ ሠፈሮች ነው የሚል አባባል ይደጋገማል። ዛሬ ኮሪያ ጠግባለች፣ የጠገበ ልጅ ደግሞ አይመታም ይባላል። እኔ ይህን አባባል አልወደውም። ረሀብ ቦክሰኛ የሚያፈራ ቢሆን ኖሮ የእኛ አገር ቀበቶ በቀበቶ በሆነ ነበር። ረሀቡ ኪም ዱክ ኩንም ያሳየናል። የባሕር ዳር መንደር ልጅ ነው። በኖቬምበር 1982 ላስ ቬጋስ ላይ ከሬይ ማንቺኒ ጋር ገጥሞ በ14ኛው ዙር ወደቀ፣ ከዚያ በኋላ አልነቃም። ከወራት በኋላ እናቱ የገዛ ሕይወታቸውን አጠፉ። ቀጥሎ የዓለም ግጥሚያ ከ15 ዙር ወደ 12 ዙር ወረደ፤ ዛሬ የትም አገር በ12ኛው ዙር ደወል ሲደወል የሚቆመው ግጥሚያ የእሱ ሞት አሻራ አለበት። ከዚያ ትውልድ የምወስደው ረሀቡን ሳይሆን ብዛቱን ነው። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ከኋላ ነበረ፣ ቴሌቪዥኑ ያሳያል፣ አዳራሹ ይሞላል፣ የሚገጥም አይጠፋም።

በ1988 ደግሞ ኦሎምፒኩ ራሱ ሴኡል መጣ። ኢትዮጵያ ከሰሜን ኮሪያ ጋር አብራ በመቅረቷ እኛ በዚያ በዓል የለንበትም። ቡጢው የተካሄደው ጃምሲል ውስጥ በተማሪዎች የስፖርት አዳራሽ ነው፤ የመጨረሻው ቀን ደግሞ ኮሪያውያን ራሳቸው ማንሣት የማይወዱት ቀን ሆነ። አሜሪካዊው ሮይ ጆንስ ፓርክ ሺ ሁንን ሦስቱንም ዙር ደበደበው፤ 86 ቡጢ ለ32 ተብሎ ተቆጠረ። ዳኞቹ ሦስት ለሁለት ለፓርክ ፈረዱ። ፓርክ ወርቁን አጥልቆ አንገቱን ደፋ፣ ወደ ፕሮፌሽናሉም አልሄደም። በ2025 አንድ ቪዲዮ ወጣ፤ ፓርክ ከሁለት ዓመት በፊት አሜሪካ ድረስ ሄዶ ሜዳሊያውን በገዛ እጁ ለጆንስ ሲሰጥ ይታያል። በቤትህ መግጠም ጥቅሙ ብዙ ነው፤ ሲበዛ ግን እንዲህ ያለ ዕዳ ያስከትላል። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ በሰው አንገት የተንጠለጠለ ዕዳ።

ከዚያ ወዲያ ቁልቁለቱ ጀመረ። ቤዝቦልና እግር ኳስ በረቱ፣ የ2002 የዓለም ዋንጫ መጣ፤ ቴሌቪዥኑ ቡጢን ተወው። ፕሮፌሽናሉን የሚያስተዳድሩ ኮሚሽኖች ተከፋፈሉ፣ እያንዳንዱም የየራሱን «የኮሪያ ሻምፒዮን» ሾመ። ቺ ኢን ጂን የሚባለው የዓለም ሻምፒዮን በ2007 ቀበቶውን አስረክቦ ኬ-ዋን ወደሚባለው የርግጫና የቡጢ ውድድር ሄደ፤ እዚያ ክፍያው ይሻላል። ከእሱ ወዲህ ከአራቱ ዋና ዋና ድርጅቶች የአንዱን ቀበቶ የታጠቀ ኮሪያዊ ወንድ የለም። በዚያው ዓመት ገና ዕለት፣ የቀድሞው ሻምፒዮን ቾይ ዮ ሳም ሴኡል ውስጥ ግጥሚያውን በነጥብ አሸንፎ መድረኩ ላይ ወደቀ፣ በጃንዋሪ ሞተ። የአካል ክፍሎቹ ለስድስት ሰዎች ተሰጡ።

ስለዚህ በ2025 መጀመሪያ ላይ ኪም ዬ ጁን ቶኪዮ ላይ ለአራቱም ቀበቶ ሊገጥም ነው ሲባል ኮሪያ ውስጥ ስንት ዓመት ያልተሰማ ወሬ ነበር። ዕድሉ የመጣው እንዲህ ነው፤ የጃፓኑን ናኦያ ኢኖዌን ሊገጥም የነበረው አውስትራሊያዊው ሳም ጉድማን ልምምድ ላይ ቅንድቡ ተተረተረ። ቀኑ አንድ ወር ተገፋለት። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀር ያው ቅንድብ እንደገና ተተረተረ። ያኔ ለመጠባበቂያ የተያዘው ኮሪያዊ ተጠራ። ኪም በሕፃናት ማሳደጊያ ያደገ ሰው ነው፤ ዕድሜው 32 ደርሷል፣ «ወጣት ተስፋ» የሚባልበት ጊዜ አልፏል። የዓለም በር የተከፈተለት ግን ገና ያን ቀን ነው።

ጃንዋሪ 24፣ አሪያኬ አሬና። ሦስት ዙር ያህል ክብሩን ጠብቆ ቆየ። በአራተኛው ላይ ኢኖዌ ሲጠጋው ኪም በጓንቱ «ና፣ ና እስኪ» ብሎ ጠራው። ኢኖዌ መጣ። ቀጥሎ ያለው ከደቂቃ በታች ነው፤ ቀኝ እጅ፣ ምንጣፉ፣ ዳኛው እየቆጠረ። ብዙ ሰው በዚያ ጥሪ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሁለት ሳምንት ተሰጥቶት፣ በሰው አገር፣ በሰው ዳኛ፣ ለሌላ ሰው በተሸጠ ትኬት የሚገጥም ሰው ከመውደቁ በፊት ቢያንስ አንድ ነገር በራሱ ፈቃድ ሊያደርግ አይችልም? የቶኪዮው አዳራሽ የሞላው ለኢኖዌ ነው። ጃፓን አንድ ልጅ ስታገኝ ስልክ ኩባንያው፣ ስርጭቱ፣ ትኬቱ ከኋላው ይሰለፋል፤ በ2024 በቶኪዮ ዶም 40 ሺህ የሚያልፍ ሰው ሰብስበውለታል። ከኮሪያዊው ኋላ የነበሩት አሰልጣኙና አንድ ባልዲ ናቸው። በ2025 ማርች ላይ ደግሞ ሺን ቦ ሚ ሬ የምትባል ኮሪያዊት ለንደን፣ ሮያል አልበርት ሆል ድረስ ሄዳ ካሮላይን ዱቧን ገጠመች። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ እኩል ናችሁ አለ፣ ሁለቱ ለባለቤቲቱ ሰጡ። እሷም በሰው ቤት ነው።

ይህን ሁሉ እያውጠነጠንኩ ነው ወደ ህዋሱን ለመሄድ የወሰንኩት። ከሴኡል ዮንግሳን ጣቢያ ኬቲኤክስ የሚባለው ፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ጉዋንግጁ ያደርሳል። ከዚያ የከተማ አውቶቡስ ተራራውን በዋሻ ሰንጥቆ ማዶ ያወጣል፣ ማዶው ህዋሱን ነው። 60 ሺህ ያህል ሕዝብ ያለው አውራጃ፣ ሩዝ ማሳ፣ ጥድ የለበሰ ጋራ። ከ1905 ጀምሮ ሲቆፈር የኖረው የድንጋይ ከሰል ማዕድኑ በ2023 ተዘግቷል። በጋራው ሥር ከሦስት ሺህ ዓመት ጀምሮ የኖሩ በመቶ የሚቆጠሩ የመቃብር ድንጋዮች አሉ፣ ዩኔስኮ የመዘገባቸው። የእኛን ጢያ ያየ ሰው ቶሎ አይገረምም፤ እዚህ ግን ድንጋዮቹ አልቆሙም፣ ተጋድመዋል፣ ልጆችም ምሳቸውን ጥላቸው ሥር ይበላሉ።

ድንጋዩን ለማየት አልመጣሁም። ኢም ኤ ጂ የዚህ አገር ልጅ ናት። በፌብሩዋሪ 1999 የተወለደች፣ እግሯ ፈጣን፣ ስትገጥም ብዙ የማትጠጋ፣ ገብታ የምትወጣ ቦክሰኛ። በ2017 ጉዋሃቲ፣ ሕንድ ውስጥ በወጣት ሴቶች የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ወሰደች፤ ከኮሪያ ሴቶች ይህን ያደረገች የመጀመሪያዋ ናት። ደመወዟን የሚከፍላት የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ነው። እኛ አገር ሯጭ በንግድ ባንክ ወይም በመከላከያ ክለብ ተቀጥሮ እንደሚሮጠው፣ ኮሪያ ውስጥም የከተማና የአውራጃ አስተዳደሮች የስፖርት ቡድን አላቸው፤ ሜዳሊያው የአገር፣ ደመወዙ የአውራጃ። ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ቆሜ አየሁት። አንዲት ሴትዮ ስለ ግብር ትከራከራለች፣ ሁለት ሽማግሌዎች ወረቀት ይሞላሉ፣ በአጥሩ ላይ የመጸው አበባ በዓልን የሚያስተዋውቅ ጨርቅ ተሰቅሏል። የዓለም ደረጃ ቡጢ ከዚህ መስኮት ይከፈላል ብሎ የሚገምት የለም።

እሷን አላገኘኋትም፣ ላገኛትም አልሞከርኩም። የብሔራዊ ቡድኑ ልጆች የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል ጂንቾን በሚገኘው የልምምድ ማዕከል ናቸው። የአውቶቡስ ጣቢያው አጠገብ ካለች ኑድል ቤት የገባነው ርቦን ነው። ባለቤቷ የኢምን ስም ስናነሣ ድስቱን ትታ መጣች። የፓሪሱን ግጥሚያ በሌሊት ተሰብስበው እንዳዩት ነገረችን፤ ዳኛው የሌላዋን እጅ ሲያነሣ ሰፈሩ ሁሉ ተሳድቧል አለች። የደሴው ልጅ ስድቡን ሊተረጉምልኝ አልፈቀደም። «ይቅርብዎት ጋሼ» ብሎ ኑድሉ ላይ አቀረቀረ።

ፓሪስ ላይ የሆነው ይህ ነው። በኦገስት 2024 ኮሪያ ወደ ኦሎምፒክ የላከቻቸው ቦክሰኞች ሁለት ሴቶች ብቻ ናቸው። ወንድ አልነበረም፤ ቶኪዮም ላይ አልነበረም። ኢም በ54 ኪሎ መጀመሪያ ብራዚላዊቷን፣ ከዚያ የኮሎምቢያዋን የኒ አሪያስን አሸነፈች፤ የኮሎምቢያዋን በአምስት ዳኞች ሦስት ለሁለት። በግማሽ ፍጻሜው ደግሞ በቱርኳ ሃቲጄ አክባሽ በዚያው ሦስት ለሁለት ተረታች። በአንድ ዳኛ ገባች፣ በአንድ ዳኛ ወጣች። ነሐስ ሆነ፤ ለኮሪያ ሴቶች ቡጢ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳሊያ፣ ለኮሪያ ቡጢ በጠቅላላው ከለንደን 2012 ወዲህ የመጀመሪያው። ሌላኛዋ ነሐስ የሰሜን ኮሪያዋ ፓንግ ቾል ሚ ነበረች። ከዓመት በፊት ሃንግዡ ላይ በእስያ ጨዋታዎች ኢምን ያሸነፈቻት ይቺው ናት። ሮላን ጋሮስ ላይ በአንድ መድረክ ጎን ለጎን ቆሙ። ጋዜጠኞቹ እንግዲህ ሌላ ጥያቄ ከየት ያመጣሉ፣ ተቃቅፋችሁ ወይ አሏት። ኢም ሚስጥር ነው ብላ አለፈችው። ይቺ ልጅ ከመድረክ ውጭም እንዴት ገብታ እንደምትወጣ ታውቃለች።

ለእኔ ከሜዳሊያው ይልቅ የሚያስጨንቀው እዚያው ፓሪስ ላይ የተናገረችው ሌላ ነገር ነው። በአገሯ ውድድር የሴቶች የክብደት ምድብ ጥቂት ስለሆነ የ54 ኪሎ የሚባል አልነበረም፤ ወይ ቀንሳ በ51 ወይ ጨምራ በ60 ኪሎ መግጠም ነው ያላት። ይህን ሳነብ ቻንግ እና ዩ ትዝ አሉኝ። በሰማንያዎቹ በአንድ ክብደት ሁለት የዓለም ሻምፒዮን የነበራት አገር፣ ዛሬ ለአንዷ ልጇ በትክክለኛ ክብደቷ የምትገጥማት ሌላ ሴት ማቅረብ አቅቷታል። ስድስት ኪሎ በሩጫ ምንም ላይሆን ይችላል። በቡጢ ሌላ ሰው ነው። በ60 ኪሎ ከምትመታ ሴት ጋር ዓመቱን ሙሉ የተለማመደች ልጅ መሸሽ ትለምዳለች፤ በ54 የሚመጣውን ፍጥነት ግን ጂንቾን ውስጥ አታገኘውም፣ ፓሪስ ሄዳ ነው የምትማረው፣ ያውም ዳኞች እየቆጠሩባት።

የሚቀጥለው መንገዷ ግልጽ ነው። ከፓሪስ በኋላ ለወራት በሎስ አንጀለሱ ኦሎምፒክ ቡጢ ይኑር አይኑር አይታወቅም ነበር፤ የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ የድሮውን የቡጢ ማኅበር ካባረረ በኋላ ስፖርቱ አሳዳሪ አልነበረውም። ወርልድ ቦክሲንግ የሚባለው አዲሱ ማኅበር ዕውቅና ሲያገኝ በማርች 2025 ቡጢ ለ2028 ተመልሶ ገባ። በ2028 ኢም 29 ዓመቷ ነው፤ ለዚህ ክብደት ያረጀች አትባልም። ፕሮፌሽናል ብትገባስ የሚል አለ። አሜሪካ ውስጥ ኬቲ ቴይለርና አማንዳ ሴራኖ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደንን በሴቶች ግጥሚያ ብቻ ሲሞሉ ያየ ሰው ይመኛል። እኔ አልመክርም። ኮሪያዊት ሆና ፕሮፌሽናል መግባት ማለት ሺን እንዳደረገችው ሻንጣ ይዞ ወደ ሰው ቤት መሄድ ነው፤ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ቢያንስ በየወሩ ይከፍላል።

ከዚያ በፊት ግን ናጎያ አለ፤ የ2026ቱ የእስያ ጨዋታዎች። እዚያ የሚጠብቋት የቻይና፣ የሰሜን ኮሪያ፣ የኡዝቤኪስታን ሴቶች ናቸው። የፓሪሱን የ54 ኪሎ ወርቅ የወሰደችው ቻይናዊቷ ቻንግ ዩዋን ናት፤ እስያ ውስጥ በዚህ ክብደት ጥሩ መሆን ማለት ዓለም ላይ ጥሩ መሆን ማለት ነው። ኢም እግር አላት፣ ልምድ አላት፣ በጠባብ ነጥብ አሸንፋም ተሸንፋም ታውቃለች። ኑድል ቤት ያለችው ሴትዮ ወርቅ ነው ብላ ትምላለች። በገንዘብ ተወራረድ ብባል ሜዳሊያ ላይ እወራረዳለሁ። ወርቁ ላይ ግን፣ ጂንቾን ውስጥ በየሳምንቱ አፍንጫዋን የምታደማት ሌላ የ54 ኪሎ ኮሪያዊት እስክትገኝ ድረስ፣ ኪሴን አልከፍትም።